ዘይት አትጨምሩበት፦ የሳይክል ቁልፍ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ወደ ሱቄ የሚመጣው ሰው ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ሳይሆን ስለ ቁልፍ ነው የሚያወራው። ሐምሌና ነሐሴ የገባው ውሃና ጭቃ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል፤ ያኔ ቁልፉም እምቢ ይላል። ለዚህ ዓምድ የደረሱኝ ደብዳቤዎችም አብዛኞቹ ያንኑ ስለሚያነሱ የዚህን ወር ገጽ ለቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ማርሽ የጠየቃችሁኝ አትቀየሙኝ፤ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሳይክሌ ጓጉንቸር ቁልፉ ይገባል እንጂ አይዞርም። በየሳምንቱ የሞተር ዘይት አጠጣዋለሁ። መጀመሪያ ይሻለውና ከዚያ ይብስበታል። ደግሞ የሚጨርሰኝ ጠዋት ለክፍል ስቸኩል ነው። ምን ይሻለኛል?
— የፖሊ ተማሪ፣ ባህር ዳር

መልስ፦ ዘይቱን ተው ልጄ። ጓጉንቸርህን የጎዳው እሱ ነው።

እንዳንተው ዓይነት ጓጉንቸር በቅርቡ አንድ ደንበኛዬ አምጥቶልኝ ነበር። ከፍቼ ውስጡን ነጭ ወረቀት ላይ ሳራግፈው የወጣው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ነው። በጥርስ ብሩሽ ደጋግሜ ካጠብኩት በኋላ ፒኖቹና ሞላዎቹ ብቅ አሉ። ከሞላዎቹ ሁለቱ ተጨፍልቀው በዚያው ቀርተዋል። ዝቃጩን በጣቴ ሳሸው ይሻክራል፤ ግማሹ ዘይት፣ ግማሹ አሸዋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ አራት ወይም አምስት ትናንሽ ፒኖች በተርታ ይቆማሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ በጣም ቀጭን ሞላ አለ። ቁልፍህ ሲገባ ጥርሶቹ ፒኖቹን እንደየልካቸው ያነሷቸዋል፤ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዱ ብቻ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል እ.ኤ.አ. በ1861 የፈጠራ መብት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም፤ የቤትህ በር ቁልፍም ሳይሆን አይቀርም የዚሁ ዘር ነው። እንግዲህ የሞተር ዘይት ስታጠጣው ፒኖቹ ለጊዜው ይለሰልሳሉ። ዘይቱ ግን እዚያው ይቀመጥና ከመንገዱ የሚነሳውን አቧራ ሁሉ ይይዛል። ያ ሲወፍር ሞላው ፒኑን መልሶ መግፋት ያቅተዋል። አንተ ደግሞ ሌላ ዘይት ትጨምርበታለህ። የተቃጠለ ዘይትማ ከሆነ የብረት ብናኙም አብሮት ነው፤ ከጋራዥ በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን መሆኑን አውቃለሁ።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ጓጉንቸሩን ከፍተህ ነጭ ጋዝ በያዘ ጣሳ ውስጥ ነክረህ አሳድረው። ይህን የምታደርገው ከምድጃና ከሲጋራ ርቀህ፣ ደጅ ላይ ነው። ጠዋት እዚያው ጣሳ ውስጥ እንዳለ ቁልፉን ሳታዞር አስገባ፣ አውጣ። ጥቁሩ ሲወጣ ታየዋለህ። ጋዙን ቀይረህ ንጹሕ እስኪወጣ ድገመው። ከዚያ የቁልፉን ቀዳዳ ወደታች አድርገህ አራግፈውና ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀው። ሲደርቅ ለስለስ ያለ ጥቁር እርሳስ ውሰድና የቁልፉን ጥርስ በሁለቱም ጎን እስኪጠቁር ቀባው፤ አስገብተህ አውጣው፤ እንደገና ቀባው። እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ደረቅ ማለስለሻ ነው፤ ያለሰልሳል እንጂ አቧራ አይዝም። የግራፋይት ዱቄት የሚሸጥ ካገኘህ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እርሳሱ ግን የትም አለ። ደብሊው ዲ 40 የሚሉት የሚረጭ ነገር ለማጠብ ይሆናል፤ እሱን ረጭቶ ጨረስኩ ማለት ግን አይሆንም።

ታጥቦም እምቢ ካለህ ጥፋቱ የጓጉንቸሩ ሳይሆን የቁልፉ ሊሆን ይችላል። ሲገዛ አብሮት የመጣው ሁለተኛ ቁልፍ አለህ? ቤት ተቀምጦ የከረመውን አምጣና ሞክረው። እሱ ቢከፍት፣ ኪስህ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ሲፋጭ የኖረው ቁልፍ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውን ልንገርህ፦ ቁልፍ ለማስቀረጽ የሚመጣ ሰው የሚሰጠኝ በየቀኑ የሚሠራበትን ነው። ማሽኑ ደግሞ የሰጡትን ተከትሎ ነው የሚቆርጠው። ያለቀ ቁልፍ ብትሰጠው ያለቀ ቁልፍ ይሰጥሃል። ከዚያ ቅጂ ሌላ ቅጂ፣ ከዚያም ሌላ እያሉ አራተኛው ላይ ቁልፉ የራሱን ጓጉንቸር አያውቀውም። ስለዚህ ለቀራጭ የሚሰጠው ምንም ያልተሠራበት ዋናው ቁልፍ ነው። እሱን አስቀርጸህ በቅጂው ተጠቀም፤ ዋናውን መልሰህ ቤት አኑረው።

በክረምት ስታቆም የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ሰማይ እንዳይመለከት አድርገህ ቆልፈው። የዝናብ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የቢሮ ባልደረባዬና እኔ በተለያየ ጊዜ ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ጓጉንቸር ገዝተናል። አንድ ቀን ተሳስቶ በራሱ ቁልፍ የእኔን ሳይክል ከፈተ። ሁለታችንም ደነገጥን። ይህ እንዴት ይሆናል? ሻጩን ልክሰሰው?
— የመንግሥት ሠራተኛ፣ ደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ሻጩን ይተዉት፤ እሱም በካርቶን የመጣለትን ነው የሚሸጠው።

ጉዳዩ የሂሳብ ነው። ጓጉንቸሩ አራት ፒን ቢኖረውና እያንዳንዱ ፒን አራት ዓይነት ቁመት ሊኖረው ቢችል፣ ከፋብሪካው ሊወጣ የሚችለው የተለያየ ቁልፍ ቢበዛ 256 ነው። ከዚያ ውስጥ ለአጠቃቀም የማይመቹት ይቀነሳሉ። በሺህ የሚቆጠር ጓጉንቸር ከሠሩ ስንቱ መንታ እንደሚሆን እርስዎ ያስሉት። አምስት ፒንና ስድስት ቁመት ያለው ግን 7,776 ይደርሳል። ሁለቱ ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። በዚያ ላይ ርካሹ ጓጉንቸር ልኩ ልቅ ነው፤ ፒኑ ትክክለኛው መስመር ላይ ባይደርስም «ይሁን» ብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ የባልደረባዎ ቁልፍ ከእርስዎ ጋር ፍጹም አንድ ላይሆን ይችላል፤ ተቀራራቢ ከሆነ በቂ ነው። ሁለቱን ቁልፎች ጀርባ ለጀርባ አጋጥመው ብርሃን ላይ ይዩዋቸው፤ ልዩነቱ ይታይዎታል።

አዲስ ሲገዙ ቁልፉ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ የተመታ ቁጥር ካለ ይመልከቱ። ሁለት ጓጉንቸር አንድ ቁጥር ካላቸው አንዱ ቁልፍ ሁለቱንም ይከፍታል። ቁጥር ከሌለው ሻጩን አስፈቅደው የአንዱን ቁልፍ በሌሎቹ ላይ ይሞክሩት። ሦስተኛው ላይ ከከፈተ አመስግነው ይውጡ። እስከዚያው ከባልደረባዎ ጋር ከተማመናችሁ፣ አንዳችሁ ቁልፍ ብትጥሉ ሌላው አለ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከዋሽንግተን ዲሲ ሲመጣ በዩ ቅርጽ የተሠራ ከባድ የሳይክል ቁልፍ ይዞልኝ መጣ። እሱ ድሮ ተማሪ ሆኖ የተጠቀመበት ነው። መክፈቻው ጠፍጣፋ ሳይሆን ክብ ቱቦ ነው። ጓደኛዬ «ይሄማ በእስክሪብቶ ይከፈታል» ብላ ሳቀችብኝ። እውነት ነው ወይስ ቅናት ነው?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ ቅናትም ሊኖርበት ይችላል፤ ያለችው ግን እውነት ነው። ታሪኩን ልንገርሽ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2004 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ሳይክለኛ ክሪፕቶናይት የተባለውን ታዋቂ የዩ ቁልፍ በተራ ቢክ እስክሪብቶ ሲከፍት የሚያሳይ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። እኛ ትምህርት ቤት የምንጽፍበት ያው ቢክ ነው። ቀለሙን አውጥተሽ ቱቦው ሲቀር ስፋቱ ከዚያ ክብ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል፤ ፕላስቲኩም ለስላሳ ስለሆነ ገፋ ገፋ ሲያደርጉት የፒኖቹን ቅርጽ ይይዛል። ፒኖቹ በክብ ዙሪያ ቆመው ፊታቸውን ወደ ውጭ ስለሚያሳዩ ለመግፋት የተመቹ ናቸው። ብረቱ ሳይነካ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይከፈታል። ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ የሰዎችን ቁልፍ በነፃ እየተቀበለ በሌላ መተካት ጀመረ፤ ክቡን መክፈቻም ከሳይክል ቁልፎቹ ላይ አንስቶ በጠፍጣፋ ለወጠው። ችግሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አልነበረም፤ ያንኑ ዓይነት ክብ ሲሊንደር የሚጠቀሙ ሌሎችም ነበሩ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የብረቱ ነገር ነው። ያን ብረት በሴጌቶ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ታግለሽ ላትጨርሺው ትችያለሽ። ሰው የሚገዛው ደግሞ ክብደቱን በእጁ መዝኖ ነው። ያን ሁሉ ብረት የሚያዝዘው ግን ጣት የማይሞላ ሲሊንደር ነው፤ እሱን ከፍቶ የሚያይ ገዢ የለም።

ክብ መክፈቻ ሁሉ በእስክሪብቶ ይከፈታል ማለት አይደለም፤ በኋላ የተሠሩት የተሻሻሉ አሉ። ያንቺው ቁልፍ አጎትሽ ተማሪ በነበረ ጊዜ የተገዛ ከሆነ ግን አልተማመንበትም። ግቢ ውስጥ ለማደሪያ ተጠቀሚበት። ገበያ ስትሄጂ ጠፍጣፋ ቁልፍ ያለው ጓጉንቸርና ሰንሰለት ጨምሪበት፤ ሌባ ሁለት ዓይነት ነገር ማየት አይወድም። አንድ ነገር ደግሞ አስቢበት፦ እኔ ያለኝ የመቅረጫ ማሽን ለጠፍጣፋ ቁልፍ ነው። ያን ክብ መክፈቻ ከጣልሽው የሚቀርጽልሽ ፍለጋ መንከራተትሽ ነው፤ መጨረሻውም ግራይንደር ይሆናል። አጎትሽ ሁለተኛውን መክፈቻ ዲሲ መሳቢያ ውስጥ ረስቶት እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ ቁልፉ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ልጆቹ በሱፐር ግሉ አጣብቀን እናውጣው ይላሉ።
— እናት፣ አዲስ አበባ፣ ለቡ

መልስ፦ ሱፐር ግሉውን ከልጆቹ ይቀበሏቸው! ፒኖቹን አንድ ላይ ካጣበቀ ጓጉንቸሩ አበቃለት።

መጀመሪያ ሲሊንደሩ ያለበትን ይዩ። ቁልፉ የተሰበረው ዞር ሲል ከሆነ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ቁልፍ በሚገባበት አቅጣጫ ልክ እስኪቆም በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ይመልሱት፤ ያ ካልሆነ ፒኖቹ ስባሪውን አይለቁትም። ቀጥሎ ትንንሽ ጌጣጌጥ ከሚቆርጡበት መጋዝ ላይ የሚገኘውን በጣም ቀጭን ምላጭ፣ ጥርሱን ወደ እርስዎ አድርገው ከቁልፉ ጎን ያስገቡና ስባሪውን እየያዙ ቀስ ብለው ይሳቡት። ጫፉ ወደ ውጭ ብቅ ካለ በወረንጦ ይወጣል። ሁለቱንም ስባሪ አይጣሉ፤ ቁልፍ ቀራጭ አጋጥሞ አዲስ ሊያወጣልዎ ይችላል። ቁልፍ ደግሞ በአንድ ቀን አይሰበርም፤ አንገቱ ላይ ስንጥቅ የነበረው ይሆናል። የቀሩትን ቁልፎችዎን ብርሃን ላይ ይዩልኝ።

ጥያቄ፦ ለልጄ በቁጥር የሚከፈት ባለ ኬብል ቁልፍ ገዛሁለት፤ ሦስት አኃዝ ነው። ትናንት የራሱ ቁጥር አልከፍት አለው።
— አባት፣ ጎንደር

መልስ፦ ብዙዎቹ የቁጥር ቁልፎች ከፍተው ቁጥሩን የሚቀይሩባቸው ናቸው። ልጅዎ ክፍት እንዳለ ሲያጫውተው ሳያውቅ ቀይሮት ይሆናል። ከድሮው ቁጥር አጠገብ ያሉትን፣ አንዱን አኃዝ አንድ ወደላይ ወይም ወደታች እያደረጉ ይሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ካልሆነ ከ000 እስከ 999 ማዞር ነው፤ በሴኮንድ አንድ ቢሞክሩ ሁሉንም ለመጨረስ 17 ደቂቃ አይሞላም። ይህን ያህል ከፈጀብዎ ሌባውንም ያው ነው የሚፈጅበት። ኬብሉ ወፍራም መስሎ የሚታየው ፕላስቲኩ ነው፤ ውስጡ ያለውን ሽቦ ደህና መቁረጫ ይበጥሰዋል። ልጁ ዳቦ ሊገዛ ሱቅ ገብቶ እስኪወጣ ይበቃል፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ውሎ ለሚያድር ሳይክል ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ እዚህ የምንኖርበት አገር ሳይክሉ የኋላ ጎማው ላይ የተበየደ የሚመስል ክብ ቁልፍ አለው። እየነዳሁ ቁልፉ አይወጣም፤ ተሰክቶ ነው የሚሄደው። ተበላሽቶ ነው? ደግሞ አንደኛው ቁልፍ ጠፍቶብኛል።
— ከሮተርዳም

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሥሪቱ ነው። ክፍት ሳለ ቁልፉን አይለቅም፤ ጎማውን ስትቆልፈው ይለቅልሃል። ቁልፉን ሳትይዝ እንዳትቆልፍ ታስቦ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያው ሆላንድ ሳይክል ቤት ስለምትሠራ ጠየቅኋት፤ ዋናው ጭንቀት የጠፋው ቁልፍ ነው አለች። ሳይክልህ ኢንሹራንስ ካለው፣ ሲሰረቅብህ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ሁለቱንም ዋና ቁልፎች አምጣ ይላሉ። አንዱ ከሌለህ ቁልፉን ሳይክሉ ላይ ትተህ ሄደሃል ብለው ሊከራከሩህ ይችላሉ። ስለዚህ ሳይሰረቅ በፊት ለኢንሹራንሱ አሳውቅ፤ የቀረህ ቁልፍ ላይ ቁጥር ካለ በእሱ ምትክ ማዘዝ ይቻል እንደሆነ ሳይክል ቤት ጠይቅ፤ ደረሰኙንም ያዝ። የኤሌክትሪክ ሳይክል ከሆነ ያው ቁልፍ ባትሪውንም የሚከፍት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቸል አትበለው። ደግሞ ያ ክብ ቁልፍ ጎማው እንዳይዞር ነው የሚይዘው፤ ሳይክሉን ተሸክሞ መኪና ላይ የሚጭን ሰው አያግደውም። ከቆመ ብረት ጋር በሰንሰለት እሰረው።

ጥያቄ፦ ሳይክሌን በፊት ጎማው በኩል ከአጥር ጋር አስሬ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጎማው ብቻ አጥሩ ላይ ቀርቷል።
— ባህር ዳር፣ ቀበሌ 14

መልስ፦ አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ1972 ከላይ ያነሳሁት የክሪፕቶናይት የዩ ቁልፍ ሠሪዎች ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሳይክል አስረው ለ30 ቀን ትተውት ነበር። ቁልፉ አልተከፈተም፤ ከሳይክሉ ላይ ግን ሊፈታ የሚችለው ነገር ሁሉ ተፈትቶ ተወስዷል። ሰንሰለቱ ሁልጊዜ በፍሬሙ ውስጥ ይለፍ፤ ርዝመቱ ከበቃ የኋላውን ጎማ ይጨምር። የፊት ጎማው ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ በተራ ብሎን አስቀይረው፤ ከእኔ ጋር ብዙም የማይፈጅ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ በቃ ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ? ስም ጥቀስልን።
— ብዙ ሰው

መልስ፦ ስም አልጠቅስም፤ በጥሩ ስም የሚሸጠው አስመሳይ ከዋናው በልጧል። የምትፈትኑበትን ልንገራችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔትና ትንሽ ሞረድ ያዙ። ገላው ነሐስ ነው ከተባለ ማግኔት አይይዘውም፤ ከያዘው በነሐስ ቀለም የተነከረ ብረት ነው፤ በክረምት ይዝጋል። ቀለበቱን በሞረድ ጫፍ፣ በማይታይ በኩል፣ ፈቅ አድርጉት። የጠነከረ ብረት ከሆነ ሞረዱ ይንሸራተታል፤ ከነከሰው ሴጌቶም ይነክሰዋል። ከዚያ ቁልፉን አውጥታችሁ ቀለበቱን ግፉት። በግፊት ብቻ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ውስጡ ያለው በሞላ የሚሠራ ምላስ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ በተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ የሚገፉት አሉ። ለመዝጋትም ቁልፍ የሚፈልገው ይሻላል፤ ቁልፋችሁንም እቤት ረስታችሁ አትቆልፉበትም። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ቁልፎች እዚያው ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ ሞክሩ። በአዲስነቱ የሚያስቸግር ቁልፍ «ሲሠራ ይለሰልሳል» ይሏችኋል፤ አይለሰልስም።

ሻጩ ሞረዱን ሲያይ ከተቆጣ ጎረቤቱም ጓጉንቸር ይሸጣል።